የቴሌቪዥኑ አስተርጓሚ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ከቴሌቪዥን ጋር ተጣልታለች። የምትወደው የውጭ ድራማ አለ፤ በአማርኛ ተተርጉሞ የሚቀርብ። “አክስቴ፣ አፋቸውና ቃላቸው እኮ አይገጥምም!” ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሰውየው አፉን ከዘጋ በኋላ ንግግሩ ይቀጥላል። ሴትየዋ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች፤ ቃሉ እንደ ክረምት አውቶቡስ ቆይቶ ይደርሳል። ልጅቷ ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወርውራ ታኮርፋለች። እኔ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ እስከ መጨረሻው አያለሁ። ምንም አይጎረብጠኝም። ለምን ይጎርብጠኝ? እኔ ቴሌቪዥን ማየት የጀመርኩት ሆሳዕና ነው፣ በደርግ ጊዜ። አፍና ቃል መግጠም አለባቸው ብሎ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ደግሞስ በዚያ ዘመን የማን አፍ ከማን ቃል ጋር ይገጥም ነበር? በቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ ለምን ይፈረዳል?

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያኔ የከተማው መብራት ከጄኔሬተር ነው የሚመጣው። አመሻሽ ላይ ይመጣል፣ ደስ ባለው ሰዓት ይሄዳል። ለቀበሌያችን አንድ ቴሌቪዥን ከበላይ አካል ተላከልን። አናጢ ተጠርቶ የእንጨት ቤት ሠራለት፤ በር ያለው፣ ጓጉንቸር ያለው። ከፍ ተደርጎ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አንቴናው ደግሞ ረጅም ባሕር ዛፍ ላይ ታስሮ ውጭ ቆመ። በቀበሌያችን በር የሌለው ቤት ስንት ነበር! በጆንያ የሚዘጋ፣ በቆርቆሮ የሚደገፍ። ቴሌቪዥኑ ግን ባለ በር ሆነ። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይሄ ነው።

ቁልፉ ያለው ጓድ ታፈሰ ኪስ ውስጥ ነው። ጓድ ታፈሰ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ ይወዳል እንጂ። ደንብ የሚወድ ሰው ከክፉ ሰው ምን ያህል ይሻላል የምትሉ ካላችሁ ያው እናንተ ናችሁ ያላችሁት፣ እኔ አላልኩም። ከደንቦቹ ሁሉ የሚወደው አንዱን ነው፤ በስብሰባ ላይ በሀዲይኛ ያልተተረጎመ ቃል እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ይህን ደንብ ያወጣው ተቃጥሎ ነው። አንድ ጊዜ ለመንገድ ሥራ ሳይወጡ የቀሩ ሰዎች ተጠርተው ቢጠየቁ፣ “በቋንቋችን አልተነገረንም” ብለው በነጻ ተሰናበቱ። ከነዚያ ውስጥ ግማሾቹ በአማርኛ ግጥም የሚገጥሙ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጓድ ታፈሰ “እንደምን ዋላችሁ” ብሎ እንኳ ሳይተረጎምለት አይቀመጥም።

እንግዲህ ሕዝብ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ አንድ ሰው በአማርኛ ሲናገር ስብሰባ ካልሆነ ሌላ ምንድን ነው? ተናጋሪው ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ደንብ ይቀራል? አይቀርም። አስተርጓሚው ጋሽ ኤርጊቾ ተጠሩ።

ጋሽ ኤርጊቾን ሆሳዕና ያላወቃቸው አልነበረም። በንጉሡ ጊዜ የአውራጃው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ። መሐል ቆሞ የሚተረጉም ሰው የሁለቱንም ወገን ስድብ ይሰማል። ጋሽ ኤርጊቾ ታዲያ ስድብ ማሳለፍ አይወዱም። ዳኛው “ይሄ ደደብ” ሲል፣ “ወንድሜ ይልሃል” ብለው ያቀብላሉ። የጎረቤታችን የሆመቾ ሰዎች እስካሁን የሚያወሩት አንድ ነገር አለ። መሬቱን የተነጠቀ አንድ ገበሬ ዳኛው ፊት ጡጫውን ጨብጦ ያልሰደበው ዘር አልነበረም። ዳኛው “ምን ይላል?” ቢል ጋሽ ኤርጊቾ፣ “ክቡር ዳኛ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን ይላል” አሉ። “ታዲያ ጡጫው ምንድን ነው?” ቢላቸው፣ “አገሩ እንዲህ ነው፤ ምርቃት በጡጫ ነው” ብለው አረፉ። በኋላ ደርግ መጥቶ አገር በሙሉ ግራ ጡጫውን እያነሳ “ይቅደም፣ ይውደም” ሲል ጋሽ ኤርጊቾ ከዳር ቆመው፣ “እኔ ቀድሜ ተናግሬ ነበር” ብለዋል ይባላል።

የመጀመሪያው ቀን ትርምስ ሆነ። የስብሰባ ተናጋሪ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ ይጠብቃል። ቴሌቪዥን አይጠብቅም። ጋሽ ኤርጊቾ ሲናገሩ እሱም ይናገራል። አማርኛ የሚሰማው ሰው “ወይ ሽማግሌውን ወይ ሳጥኑን ዝም አሰኙልን!” ብሎ ጮኸ። ጓድ ታፈሰ አሰበ፣ አሰበና ፈረደ። ሽማግሌው ደንብ ነው፤ ሳጥኑ ዕቃ ነው። ተነስቶ የሳጥኑን ድምፅ ቀነሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ኤርጊቾ ወንበር ላይ ቆመው፣ አንድ ጆሯቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጥፈው እየሰሙ ለእኛ ያቀብላሉ። ሌላው ሰው አይሰማም። ስለዚህ ቴሌቪዥናችን ጋሽ ኤርጊቾ ሆኑ። ሥዕሉ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ነገሩ ከእሳቸው።

ዜና አንባቢው “እንደምን አመሻችሁ” ይላል፤ አልቋል። ጋሽ ኤርጊቾ ግን ሰውን እንዲያ በጥድፊያ ሰላም ማለት ነውር ነው ብለው ያምናሉ። ከብቱ እንዴት ነው? እንሰቱ እንዴት ከረመ? ልጆቹስ? ጥጃዋ ጡት ያዘች ወይ? ይሄን ሁሉ በዜና አንባቢው ስም ይጠይቃሉ። ሽማግሎቹ አንድ በአንድ ይመልሳሉ። ሰላምታው ሲያልቅ ዜናው ተጋምሷል። “እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው!” ይሉ ነበር ስለ ዜና አንባቢው። “እናቱ ምን አብልታ አሳደገችው?”

የአገሩ መሪ፣ ትልቁ ሰውዬ፣ ረጅም ንግግር ሲያደርግ ግን ጋሽ ኤርጊቾ አይደክሙም። ውሃውን ጠጥቶ እስኪጨርስ፣ ጣቱን ቀስሮ እስኪያወርድ ጠብቀው፣ “ሥሩ ይላል” ይላሉ። ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ “አሁንም ሥሩ ነው የሚለው።” በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ የዜና ማጠቃለያ ያነበብኩበት ጋዜጣ የለም፤ ስኳር የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያንዳንዱን ፊደል ለቅሜ የማነብ ሰው ነኝ።

ድራማ ሲመጣስ? አቤት! አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምትሠራዋ ባለ ታኮ ጫማ ልጅ በጋሽ ኤርጊቾ አፍ የሆመቾ ልጅ ትሆናለች፤ ለሀደሮ ሰው የተዳረች። ቢሮ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ “ባሏ ሀደሮ ገበያ በሬዋን ሳይነግራት ሽጦባት ነው” ይላሉ። ከሴቶቹ መሐል አንዷ “አውቃታለሁ! የእናቷ ቤት ከወፍጮው በታች ነው” ትላለች። አንድ ጊዜ ልጅቷ አንዱን ጎረምሳ እቅፍ አደረገችው። ሴቶቹ ዓይናቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ጋሽ ኤርጊቾ አላመነቱም፤ “ወንድሟ ነው፤ ከሩቅ አገር መጥቶ ነው።” እሰይ ተባለ። ችግሩ በሚቀጥለው ክፍል ሁለቱ መጋባታቸው ነው። በቬሎ! ሰው ሁሉ ወደ ወንበሩ ዞረ። ጋሽ ኤርጊቾ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “ሙሽራው መንገድ ተበላሽቶበት ቀርቷል፤ ወንድሟ ቦታ ይዞለት ነው” አሉ። ሰዉም የሆሳዕናን መንገድ ያውቀዋልና አመነ።

መብራት ሲጠፋ እንኳ የሚነሳ ሰው አልነበረም። ለምን ይነሳል? ጋሽ ኤርጊቾ ይቀጥላሉ። እንዲያውም ጨለማው ውስጥ ታሪኩ ይሻል ነበር፤ ሥዕሉ አያጣላቸውማ።

እኛ ልጆቹ የሳሙና ካርቶን ቀደን ቴሌቪዥን እንሠራ ነበር። ከቆረቆንዳና ከቃጫ የተሠሩ አሻንጉሊቶቻችን ተመልካች ናቸው፤ ይደረደራሉ። አንዷ ጭንቅላቷን ካርቶኑ ውስጥ ከትታ ዜና ታነባለች፣ ሌላዋ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቆማ ታስተረጉማለች። ጠባችን በዚህ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ መግባት የሚፈልግ የለም፤ ሁሉም ጋሽ ኤርጊቾ መሆን ነው የሚፈልገው። በአንድ ክረምት አዲስ አበባ የአባቴ ዘመዶች ዘንድ ሄድኩ። ሳሎናቸው ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፈተ። ግራ ቀኙን አየሁ፤ የቆመ ሰው የለም። “አስተርጓሚያችሁ ዛሬ ቀረ እንዴ?” አልኩ። እስከ ዛሬ በየሰርጉ ያነሱብኛል። ይሳቁ። ያለ አስተርጓሚ የታየ ቴሌቪዥን ጨው የሌለው ጎመን መሆኑን ከየት ያውቁታል?

አሁን ወደ እትዬ ዘይቱና ልምጣ።

እትዬ ዘይቱና መናኸሪያው አጥር ሥር ቅቤ የሚሸጡ የሠፈራችን ሴት ናቸው። ቅቤውን በኮባ ጠቅልለው ይደረድሩታል፤ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ከእሳቸው ሳይገዛ አይሳፈርም። ከሰሜን የመጡት የሹማምንትና የአስተማሪ ሚስቶች ሁሉ ደንበኞቻቸው ናቸው። ቴሌቪዥን ግን አይወዱም፤ “ሳጥን የገባ ሰው የሚያስፈልገው ዱዓ ነው” እያሉ አዳራሹን አልፈው ይሄዱ ነበር። አንድ ልጅ አላቸው፣ ኑረዲን። የአውቶቡስ ረዳት ነው። “አዲሳባ! አዲሳባ!” ሲል ድምፁ እኛ ቤት ይሰማል።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። ኑረዲንን ከሌሎቹ ጋር ከዚያው ከመናኸሪያው ጫኑት። ያን ቀን ተሳፋሪ የሚጠራ አልነበረም፤ የሚጠራው ራሱ ተሳፍሯል። እናቱ አላለቀሱም። ቅቤያቸውን ጠቅልለው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ ከልጁ ወሬ ጠፋ። ሰሜን መሄዱን እንጂ ሌላ የሚያውቅ የለም።

አንድ ምሽት እትዬ ዘይቱና አዳራሹ በር ላይ ታዩ። ገቡና ከቴሌቪዥኑ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። ሳጥኑ ውስጥ ወታደሮች በሰልፍ ሲያልፉ አንገታቸውን አስግገው አንድ በአንድ አዩ። ሰልፉ አለቀ። ቀና ብለው በሀዲይኛ፣ “ኤርጊቾ፣ ምን አለ?” አሉ።

ጋሽ ኤርጊቾ ቁልቁል አይተዋቸው፣ “ልጆቹ ደህና ናቸው አለ” አሉ። “ብርድ አለ፤ ግን ካፖርት ተሰጥቷቸዋል አለ።”

እትዬ ዘይቱና ጨርቃቸውን አራግፈው ተነስተው ሄዱ።

በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛውም። ድራማ አያዩ፣ ዘፈን አይሰሙ፤ ዜና ብቻ። “ኤርጊቾ፣ ምን አለ?” ጋሽ ኤርጊቾም በየቀኑ ይነግሯቸዋል። ዛሬ ሥጋ በልተዋል አለ። የእግር ጫማ ተቀይሮላቸዋል አለ። ወታደር የማይታይበት ቀን ሲሆን ደግሞ፣ ትራክተሩ የሚያርሰው ለልጆቹ ስንዴ ነው አለ፤ ዝናቡ እዚህ እንጂ እነሱ ጋ አይዘንብም አለ። አንድ ቀን እትዬ ዘይቱና፣ “ኑረዲን ሲሄድ ሳል ይዞት ነበር፤ ስለሱ ያለው የለም?” ብለው ጠየቁ። ሥዕሉ ላይ በዚያ ሰዓት የሚታየው የቡና ገበያ ነው። ጋሽ ኤርጊቾ ጆሯቸውን አስጠጉና፣ “ሳሉ ለቆታል አለ” አሉ።

ነገሩ የገባን እርስ በርስ አንተያይም። እናቴ የዱራሜ ሴት ናት፤ ከምባትኛ፣ ሀዲይኛ፣ አማርኛ፣ ሦስቱንም ቋንቋ አሳምራ ትናገራለች፤ በሰው ስህተት መሳቅም ትወዳለች። አንድ ቀን ልስቅ አፌን ስከፍት በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። “ዝም በይ፤ ዜና ነው” አለችኝ።

እንዲህ እያልን ሳለ ካድሬው መጣ። አዲስ የተመደበ፣ ወጣት፣ ሱሪው የተተኮሰ። አዳራሹ በር ላይ ቆሞ፣ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥንና ወንበር ላይ የቆሙ ሽማግሌ አየ።

“ጓድ ታፈሰ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ደንብ ነው፣ ጓድ።”

“አብዮቱ በዚህ ሽማግሌ ጉሮሮ ነው እንዴ የሚናገረው? ሕዝቡ መሠረተ ትምህርት ጨርሶ የምስክር ወረቀት ወስዷል! አማርኛ የማይሰማ ካለ እጁን ያውጣ!”

ማን ያወጣል? እጅ ማውጣት የምስክር ወረቀትን መካድ ነው። ወረቀቱን ደግሞ ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። አዳራሹ እጁን ብብቱ ሥር ከተተ። ጋሽ ኤርጊቾ ከወንበሩ ለመውረድ አንድ እግራቸውን አወረዱ።

አንድ እጅ ወጣ። የእትዬ ዘይቱና።

ካድሬው አተኩሮ አያቸው። “እናቴ፣ ትናንት መናኸሪያው ጋ ቅቤ ሲሸጡልኝ በአማርኛ አልነበረም እንዴ የተከራከሩኝ? ያውም አሸንፈውኝ!”

እትዬ ዘይቱና ወደ ካድሬው አልዞሩም። ወደ ወንበሩ ቀና ብለው በሀዲይኛ አንድ ቃል ተናገሩ።

“ምን አሉ?” አለ ካድሬው።

ጋሽ ኤርጊቾ አንድ እግራቸው አየር ላይ እንዳለ፣ “ያለኝ ለቅቤ የሚሆን አማርኛ ነው ይላሉ” አሉ። “ለጦርነት የሚሆን የለኝም ይላሉ።”

እትዬ ዘይቱና ያሉት “ንገረው” ብቻ ነበር።

ካድሬው ግን ካድሬ ነውና ሄዶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ራሱ ከፈተው። የሰሜኑ ዜና ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የዜና አንባቢውን ድምፅ በትክክል ሰማነው። ጠላት ተደመሰሰ፤ ጀግናው ሠራዊት ከባድ መስዋዕትነት ከፈለ። መስዋዕትነት ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ በዚያ አዳራሽ አልነበረም፤ ልጅ የላከ ቤት ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ ዘይቱና ቃሉን ሲሰሙ እጃቸው ነጠላቸው ላይ ሲጨበጥ አይቻለሁ። ዜናው አለቀ።

“ኤርጊቾ፣ ምን አለ?” አሉ።

ይሄን ጊዜ ጋሽ ኤርጊቾ ፈሩ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ታስሮ የቀረ አለ፤ ካድሬው ደግሞ አጠገባቸው ቆሟል። ከንፈራቸውን ላሱ። ወደ ሳጥኑ አዩ፣ ወደ ካድሬው አዩ፣ ወደ ታች አዩ።

“ልጆቹ ደህና ናቸው አለ። ብርድ አለ፤ ግን ካፖርት ተሰጥቷቸዋል አለ።”

ካድሬው ሀዲይኛ አያውቅም። ካፖርት ግን በሁሉም ቋንቋ ካፖርት ነው። ጆሮው ቆመ። ቀረብ ካለችው ሴት ላይ፣ ማለትም እናቴ ላይ፣ አፈጠጠ። “ምን ብሎ ነው የተረጎመው?”

“እንዳለ ነው፣ ጓድ” አለች እናቴ። “ቃል በቃል።”

“ነጥብ ሳያጎድል!” አለ አንዱ ከኋላ።

“ካፖርት ሲል ሰምቻለሁ! ዜናው ላይ የታለ ካፖርት?”

እናቴ ዓይኗን አልሰበረችም። “አገሩ እንዲህ ነው፣ ጓድ። እዚህ ጀግናን ስናወድስ ካፖርታም ነው የምንለው።”

ጓድ ታፈሰ ሀዲይኛ ሲሰማ ነው ያደገው። ሁላችንም አየነው። እሱ ጫማውን አየ። “በደንቡ መሠረት ተተርጉሟል” አለ።

ካድሬው ወጣ። ጓድ ታፈሰ ተነስቶ ድምፁን ቀነሰ። በሚቀጥለው ሰላማዊ ሰልፍ ላይ ካድሬው ጡጫውን አንስቶ፣ “ካፖርታሙ ሠራዊታችን!” ሲል ሆሳዕና እጇ እስኪቀላ አጨበጨበችለት። የንግግር ስጦታዬ ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አደረ፣ ከረመ። ደርግ ወደቀ። ወታደሩ በየአቅጣጫው በእግሩ ወደ አገሩ ፈሰሰ። አንድ ቀን መናኸሪያው አጥር ሥር አንድ በዱላ የሚሄድ ከሲታ ሰው መጥቶ ቆመ። እትዬ ዘይቱና ቀና ሳይሉ፣ “ቅቤ ነው፣ ወንድሜ? ለጋ ነው፣ ቅመሰው” አሉ፣ በዚያ ለቅቤ በሚሆነው አማርኛቸው። ሰውየው አልቀመሰም። ቀና ሲሉ ኑረዲን ነው።

ካፖርት አልነበረውም።

በግ ታረደ። ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አተካና ተሠራ። የአዳራሹ ሰው በሙሉ እትዬ ዘይቱና ቤት ተሰበሰበ፤ ከሥልጣኑ የወረደው ታፈሰም መጥቶ በር አጠገብ ተቀመጠ። ኑረዲን ጥቂት ከበላ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ መናገር ጀመረ። በሀዲይኛ ነው፤ በእናቱ ቋንቋ። ብርዱን ነገረን። ረሃቡን ነገረን። አብረውት ከሆሳዕና ከተጫኑት ልጆች የአንዱን ስም ጠራና ከዚያ ማለፍ አቃተው። እንግዲህ ጠራላችሁ እውነቱ። ቤቱ ውስጥ የሚያኝክ ሰው ጠፋ።

እትዬ ዘይቱና እጃቸውን ልጃቸው ጉልበት ላይ አሳረፉ። “ተው፣ ልጄ” አሉት። “ደክሞሃል፤ አንተ አታስታውሰውም።” ከዚያ ወደ ጥጉ ዞሩ። “ኤርጊቾ፣ ምን አለ?”

ጋሽ ኤርጊቾ አርጅተው ነበር። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ፤ በልማድ አንድ ጆሯቸውን ወደ ኑረዲን አዘነበሉ። ከሀዲይኛ ወደ ሀዲይኛ ሲተረጎም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

“ልጆቹ ደህና ነበሩ አለ” አሉ። “ብርድ ነበር፤ ግን ካፖርት ተሰጥቷቸው ነበር አለ።”

ኑረዲን እናቱን አየ። ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ጉልበቱን አቅፎ፣ እንደ ሕፃን አገጩን እላዩ ላይ አስደገፈና፣

“ከዚያስ?” አለ።